መርዶ ያልተነገረላቸው

ማክሰኞ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ከረን ዳር በነበረው የሻለቃችን ጽሕፈት ቤት ሬዲዮ ከብበን ቆመናል። ጽሕፈት ቤት እላለሁ እንጂ አሸዋ በሞላ ጆንያ የተደገፈ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነበር። ሬዲዮው የሃምሳ አለቃችን ነው፤ ባትሪ እንዳይጨርስ ለዜና ሰዓት ብቻ ይከፍተዋል። ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣናቸውን ለቀው ከአገር መውጣታቸው፣ በቦታቸውም ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን መተካታቸው ተነገረ። ሃምሳ አለቃው ዜናው ሳያልቅ ሬዲዮውን ዘጋና «በሉ ወደየሥራችሁ» አለን። የትኛው ሥራ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

የእኔ ሥራ መዝገብ መጻፍ ነበር። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ ኮተቤ መንገድ ላይ ታፈስኩ፤ ጦላይ ሠለጠንኩና በአውሮፕላን አሥመራ ተራገፍኩ። ከረን ስደርስ ጽሕፈቱ ይነበባል ተባለና የሻለቃው የሰው ኃይል ጸሐፊ ረዳት አደረጉኝ። መዝገቡ ሰፊ፣ ጠርዙ በጨርቅ የተለበደ ደብተር ነው። ማዕረግ፣ ሙሉ ስም ከነአያት፣ መለያ ቁጥር፣ ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ በመጨረሻም የቅርብ ተጠሪ። አዲስ ምልምል በመጣ ቁጥር ከፊቴ አቁሜ እየጠየቅኩ እሞላለሁ። የቅርብ ተጠሪህ ማን ይሁን ስለው አብዛኛው ልጅ የእናቱን ስም ነው የሚነግረኝ። ሚስት ያላቸው እንኳ አንዳንዶቹ ትንሽ ቆም ብለው ካሰቡ በኋላ እናታቸውን ያስመዘግባሉ። ሰው ሲሰዋ ስሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰምርና ቀኑን እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም፤ ወረቀቱ ወደ በላይ አካል ይሄዳል፤ አንድ ቀን ደግሞ አንዲት ቀበሌ ውስጥ እናቲቱ ትጠራለች። ይህ መንገድ ምንም ያህል ቢዘገይ መንገድ ነበር።

ከረንን ለማያውቅ አቀማመጧን ልንገር። ከአሥመራ በሰሜን ምዕራብ 91 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ዙሪያዋን በተራራ የታጠረች ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ ግመሉም ፍየሉም ደረቁ ወንዝ ውስጥ ይሸጣል። ከከተማው ወጣ ብሎ በአንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ ውስጥ የማርያም ደዓሪት ምስል አለ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይሳለምበታል። በሰሜን ወደ አፍዓበትና ወደ ናቅፋ፣ በምዕራብ ወደ አቆርዳትና ወደ ሱዳን ድንበር የሚያስኬዱት መንገዶች ከዚያ ይነሳሉ። መጋቢት 1980 አፍዓበት ላይ ናደው እዝ ሲደመሰስ ሠራዊቱ ምዕራቡን በሙሉ ለቀቀ፤ አቆርዳት፣ ባረንቱ፣ ተሰነይ በሻዕቢያ እጅ ገቡ። የካቲት 1982 ምጽዋ ተያዘች። ከዚያ ወዲያ ከ100 ሺህ የሚበልጠው ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ስንቁም ጥይቱም በአየር የሚመጣለት፣ አሥመራና ከረን ዙሪያ የታጠረ ጦር ሆነ። ጦር ሲያፈገፍግ ወደ ወገኑ ነው የሚያፈገፍገው። ከእኛ ጀርባ ግን ለሦስት ዓመት የሌላው ወገን የነበረ ቆላ፣ ከዚያም የሰው አገር ነበር። አሥመራ ከወደቀች ከረን ያለው ወታደር የት ይሄዳል ብሎ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ስለመኖሩ በዚያ ሰሞን ያየሁት ምልክት የለም። ዝግጁ የሆነ የመልቀቂያ ዕቅድ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የውሃ ቦቴዎቹ ይሞሉ ነበር።

ደቀመሐሪ ግንባር ከእሁድ ጀምሮ እየተናጠ ነው የሚል ወሬ ደርሶናል። ሐሙስ ማታ በአሥመራ መንገድ ላይ የመኪና መብራት ታየ። ወትሮ በሌሊት መብራት አብርቶ የሚሄድ ወታደራዊ መኪና የለም፤ መብራቱን ስናይ ነው ነገሩ ማለቁን ያወቅነው። መጀመሪያ የመጡት ትናንሽ መኪኖች ነበሩ፤ ላያቸው ላይ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሳጥን ታስሯል። ቀጥሎ ኦራሎቹ፣ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች፣ መጡ፤ ሰው በላያቸው ተደራርቧል፤ ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከኦራሎቹ መካከል ታንክ፣ አምቡላንስ፣ የዳቦ መኪና። ሲነጋ እግረኛው ደረሰ። ከየትኛው ክፍል ነህ ብትለው የሚመልስልህ ጥቂቱ ነው። የአንዱ ክፍለ ጦር ሰው ከሌላው ጋር ተደባልቋል፤ አዛዥ ወታደሩን፣ ወታደር አዛዡን አጥቷል። ከመካከላቸው የወታደር ሚስቶች ነበሩ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ የላምባ ምድጃ በእጇ አንጠልጥላለች። ከአሥመራ ጀምሮ ይዛው መምጣቷ ነው። «እህቴ፣ ጣዪው እንጂ፣ ከብዶሻል» ያላት ወታደር ነበር። «በምን ላበስልለት ነው?» አለችው፤ ባሏን ማለቷ ነው፤ ባሏ ግን አብሯት አልነበረም።

ዓርብ ግንቦት 16 ሻዕቢያ አሥመራ ገባ። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ መዝገቡን እንድናቃጥል ትእዛዝ መጣ። ምክንያቱ ይገባል፤ የሠራዊቱ ዝርዝር በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ነው፤ የየትኛውም አገር ጦር እንዲህ ያደርጋል። ጸሐፊው ሻምበል ባሻ ደብተሮቹን ከግቢው መሐል ከመረና ላምባ አርከፈከፈባቸው። ወፍራም መዝገብ እንደ ተራ ወረቀት ቶሎ አይነድም። ዳር ዳሩ ይጠቁርና መሐሉ ይቀራል። በእንጨት እየገለጥን ነው ያነደድነው። ገጹ ሲገለጥ ራሴ የጻፍኩት ይታየኛል፤ ደብረ ሲና፣ ጨርጨር፣ ወላይታ፣ ቢቸና፣ ጅማ፣ መርሐቤቴ። የእናቶች ስም ያለበት ዓምድ ከገጹ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነበር። ሻምበል ባሻው ጢሱ ይሁን ሌላ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ዝም ብሎ ይቆሰቁሳል።

ያን ጊዜ ያላሰብኩትን አሁን አስበዋለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የተሰዋው ሁሉ፣ በክፉም በደጉም፣ የሆነ ቦታ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ሰዓት በኋላ በዚያ መንገድ ላይ የወደቀው ግን የሚጽፈው ሰውም የሚጻፍበት ወረቀትም አልነበረውም።

ከከረን የወጣነው በዚያው ምሽት ነው። ጨረቃዋ ልትሞላ ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር፤ መንገዱ ይታያል። በአቆርዳት መንገድ ጥቂት እንደሄድን የእንግሊዞች የጦር መቃብር አለ። በ1933 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ከረን ላይ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ የሞቱት ናቸው። ከ400 የሚበልጥ መቃብር በመስመር በመስመር ተደርድሮ፣ ድንጋዮቹ ላይ ስም፣ ክፍል፣ ቀን ተቀርጿል። አብረዋቸው የተዋጉት የሂንዱና የሲክ ወታደሮች ደግሞ በሃይማኖታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው የተቃጠለ ስለሆነ መቃብር የላቸውም፤ ስማቸው ግን በመታሰቢያው ላይ ሰፍሯል። በደህናው ጊዜ ገብቼ አይቼዋለሁ። የዚያን ሌሊት ሰው አጥሩን እየታከከ ያልፋል፤ የደከመው ገብቶ በድንጋዮቹ መካከል ተኝቷል። እንግሊዞቹ ከከሰላ ተነስተው በሰብደራት፣ በአቆርዳት አድርገው ወደ ከረን የመጡበትን ያንኑ መንገድ እኛ በ50 ዓመቱ ወደ ከሰላ ሄድንበት።

ከከተማው ወደ ምዕራብ ዶንጎላስ የሚባል ጠባብ ሸለቆ አለ። እንግሊዝና ጣሊያን የተላለቁበት ነው፤ ግራ ቀኙ ገደል ስለሆነ መኪና ለመኪና አይተላለፍበትም። እዚያ ላይ አንድ ኦራል አክስሉ ተሰበረና ከኋላው ያለው ሁሉ ተገተረ። ከየት እንደሚተኮስ ያልለየነው ከባድ መሣሪያ ከላይ መውረድ ጀመረ። መኪናውን ገፍታችሁ ገደል ክተቱት የሚል አለ፤ ቁስለኛ ጭኗል የሚል አለ። ሁለቱም እውነት ነበር። አንድ ሻለቃ ሽጉጡን መዝዞ ሥርዓት ሊያስይዝ ሞከረ፤ የሰማው የለም። በመጨረሻ ቁስለኞቹ በእጅ እየተላለፉ ወረዱና ኦራሉ ተገፋ። የወረዱት ቁስለኞች ግን ወደ ሌላ መኪና አልወጡም፤ ሌላው መኪና ሁሉ ሞልቷል። መንገዱ ዳር፣ ድንጋይ ጥላ ሥር ተደርድረው ቀሩ። አንዱ የምናልፈውን ሁሉ እግር እየያዘ «ስሜን ያዝልኝ» ይል ነበር። ስሙን ነገረኝ፤ ያባቱን ነገረኝ፤ ቀበሌውን ሊነግረኝ ሲል ከኋላ የሚገፋው ሰው ወሰደኝ።

ከሸለቆው ስትወጣ ቆላው ይጀምራል። ግንቦት በዚያ አገር የሙቀቱ ጫፍ ነው። ጥዋት በሦስት ሰዓት ድንጋዩ ጫማ ያቃጥላል፤ ከቀትር በኋላ ንፋሱ ራሱ ይጋረፋል። እንደ እኔ ደጋ የተወለደ ልጅ ደግሞ በረሃን አያውቅም። ጠማኝ ሲል ይጠጣል፤ ጥላ ሲያይ ይቀመጣል፤ ልብሱን ያወልቃል። ሃምሳ አለቃችን ግን በ1970 ካራማራ የነበረ፣ ኦጋዴንን በእግሩ የለካ ሰው ነው። የቀረነውን የሻለቃውን ልጆች ሰበሰበና ሕግ አወጣ። ቀን መጓዝ የለም። ሸሚዝ ማውለቅ የለም። ውሃ የሚጠጣው በኮዳ ክዳን ተለክቶ፣ እሱ ባለ ሰዓት ነው። ማንም ለብቻው ውሃ ፍለጋ አይሄድም። ኮቾሮ ያለው ውሃ ሳያገኝ አይበላም፤ ደረቁ ዳቦ ያለህን ምራቅ ይጨርስብሃል። «በረሃ የሚገድለው የቸኮለውን ነው» ይለን ነበር። እኔ ዛሬ በሕይወት ያለሁት በዚያ ሰውዬ ክልከላ ነው።

ቀን ቀን ግራር ሥር ተኝተን መንገዱን እናያለን። መንገዱ ላይ ያለው ሰው አይቆምም፤ ሻዕቢያ ይደርስብናል በሚል ፍርሃት በጠራራው ይሄዳል። መኪኖቹ አንድ በአንድ ነዳጅ ጨረሱ። ታንከኞቹ ታንካቸው ሲቆም እሳት ለቀውበት ይወርዳሉ። የቆመ መኪና ባየ ቁጥር ሰው ወደ ሞተሩ ይሮጣል። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የራዲያተሩን ውሃ ሊቀዱ ነው። አንድ ኦራል ሥር አራት ልጆች በሳንጃ የታችኛውን የጎማ ቱቦ ቆርጠው፣ የሚንጠባጠበውን በብረት ቆብ ተቀብለው ሲከፋፈሉ አየሁ። ውሃው የዝገት ቀለም አለው፤ ዘይት ተንሳፍፎበታል። ከመጠጣቱ በፊት አንደኛው ልጅ አማተበ። ሲጠጡ ያየኋቸው አራቱም ወዲያው አስመለሳቸው፤ የጠጡትም ያልጠጡትም ወጣ።

ጥም እንዴት እንደሚገድል መናገር አለብኝ፤ ብዙ ቤተሰብ ልጃችን በጥይት ነው ወይስ በምን ብሎ ይጠይቃልና። መጀመሪያ ላብ ይቆማል። ምላስ ያብጥና ንግግር ይወላገዳል። ከዚያ ሰውዬው ጥሙን ይረሳዋል፤ ይህ ነው አደገኛው። ጠመንጃውን ይጥላል፣ ከመንገዱ ይወጣል፣ ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል። በእኛ ቡድን የመርሐቤቴ ልጅ ነበር፤ እኔ ነኝ የመዘገብኩት፤ ገና የጢም ምልክት ያልነበረው። አንድ ጥዋት ላይ ከእናቱ ጋር ማውራት ጀመረ። የሚያወራው ስለ ጥጃ ነው፤ ጥጃዋን አስገብቻታለሁ፣ በሩን ዘግቻለሁ ይላታል። ሃምሳ አለቃው የራሱን ድርሻ ውሃ በከንፈሩ አደረገለት፤ አልዋጠውም። አንዲት ግራር ሥር አስደገፍነው። ፊቱን በራሱ ሸሚዝ ሸፍነን፣ በዙሪያው ድንጋይ ከምረን ሄድን። መቅበሪያ አካፋ የያዘ አልነበረም፤ መሬቱም ድንጋይ ነው።

ባርካ ወንዝ አቆርዳት አጠገብ ሲያልፍ በግንቦት አንድ ጠብታ የለውም። ወርዱ ሰፊ የሆነ አሸዋ ነው፤ ዳርና ዳሩ በዘንባባ ተሸፍኗል። ከሥሩ ግን ውሃ አለ። በሌሊት ስንደርስ በሺህ የሚቆጠር ሰው በጨረቃ ብርሃን አሸዋውን ሲቆፍር አገኘን፤ በእጅ፣ በሳንጃ፣ በብረት ቆብ፣ በሰሌዳ። ክንድ ያህል ሲወርድ አሸዋው ይረጥባል፤ ሌላ ክንድ ሲወርድ ውሃ ማመንጨት ይጀምራል። ጉድጓዱ እንዳይናድ በክብ ተቀምጠው በደረታቸው ደግፈው ይጠብቁታል። ጥቂት ቦታ ላይ ጥይት ተተኩሶ ሰው ሞቷል። ብዙ ቦታ ላይ ግን ያየሁት ሌላ ነው። አንድ መቶ አለቃ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ሴቶችንና ልጅ ያዘሉትን አስቀድሞ፣ በአንዲት የቲማቲም ጣሳ እየለካ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያድላል። ሰልፉ ሌሊቱን ሙሉ አልፈረሰም። አዛዥ የሌለው ጦር ነበር፤ ያን ሰውዬ ግን ሰው ሁሉ ይታዘዘው ነበር።

ከባርካ ወዲያ ነው ሃምሳ አለቃው ከእኛ የተለየው። እግራቸው የተላጠና የቆሰሉ ልጆች መራመድ አቃታቸው። ጥላ ሥር ሰብስቦ አስቀመጣቸውና ወደ እኛ ዞሮ «እናንተ እግር ያላችሁ ሂዱ። እኔ ከእነዚህ ጋር እጄን እሰጣለሁ» አለን። ነጭ ነገር ፈለገ፤ ከአንዱ ልጅ ሻንጣ ነጠላ ተገኘ። ነጠላውን እንጨት ላይ ሲያስር ትቼው ሄድኩ። እጅ የሰጡት ብዙዎች ውሃ አግኝተው፣ ኋላም በትግራይ በኩል በእግራቸው ወደ አገር የተመለሱ ናቸው። ስለዚህ ተርፎ ይሆናል ብዬ ለዓመታት ፈልጌዋለሁ። አላገኘሁትም።

የቆላው ሰው ምን አደረገ ለሚለኝ ያየሁትን እናገራለሁ። ውሃ በክላሽ የሸጠ አለ፤ አንድ ጠመንጃ ለአንድ ጀሪካን። ሰዓቱን፣ ጫማውን፣ የጋብቻ ቀለበቱን የሰጠ ወታደር አይቻለሁ። ነገር ግን አንዲት የቤኒ ዓመር አሮጊት ድንኳኗ ፊት የፍየል ቆዳ ስልቻዋን ዘርግታ ለሁላችንም በእንጨት ጽዋ አጠጣችን፤ ሸሚዜን ላወልቅላት ብል በእጇ ምልክት ከለከለችኝ። ሦስት ታጋዮችም አገኙን፤ አንዷ ሴት ናት። ጠመንጃችንን ተቀበሉንና ሴቷ ኮዳዋን አውርዳ ሰጠችን። በአማርኛ «ጦርነቱ አልቋል፤ ለምን ትሞታላችሁ?» አለች። ከእኛ ግማሹ እዚያው ከእነሱ ጋር ቀረ። ሌሎቻችን ፍርሃቱ ስላልለቀቀን ወደ ምዕራብ ቀጠልን።

ከሰላ ከመታየቷ በፊት ተራሮቿ ይታያሉ። ለጥ ካለው ሜዳ ላይ ድንገት እንደ ተደፋ ጋን የቆሙ ልሙጥ አለቶች ናቸው፤ ታካ ይሏቸዋል። አንድ የግመል እረኛ በጣቱ አሳየን፤ «ከሰላ፣ ከሰላ» አለ። ቅርብ መስሎን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሄደን ሲነጋ ተራሮቹ እዚያው ናቸው። እነዚያን ተራሮች እያዩ የሞቱ አሉ፤ ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ድንበሩ ላይ የሱዳን ወታደሮች ከሚሻገረው ሁሉ የቀረውን መሣሪያ ይቀበላሉ። ክምሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ክላሽ፣ ብሬን፣ የድሽቃ እግር። ከዚያ ወዲያ በየመንደሩ ደጃፍ ዚር የሚሉት የሸክላ ጋን አለ፤ መንገደኛ ሁሉ እንዲጠጣበት የተቀመጠ ነው። ባለቤቶቹ ዚሩን እየሞሉ፣ እየሞሉ ሲደክማቸው አየሁ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው ያለፈባቸው። ቶሎ አትጠጡ እያሉ በእጃቸው ይዘውን ነበር፤ ያልሰማው ሆዱን ይዞ ወደቀ።

መጠለያው ውስጥ የቀይ መስቀል ሰው ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀመጠ። ተራዬ ሲደርስ ስም፣ ያባት ስም፣ የአያት ስም አለኝ። ከዚያ የትውልድ ቦታ። በመጨረሻ የቅርብ ተጠሪ። የእናቴን ስም ነገርኩት። ከእኔ ቀጥሎ የቆመው ልጅ ጥያቄው ሲመጣ ማልቀስ ጀመረና ሰልፉ ቆመ።

በመተማ፣ በጎንደር አድርገን ገባን። አዲስ አበባ ስደርስ ክረምት ነበር። እንደ እኔ ያለው በየመንገዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ካርቶን ላይ ተኝቶ ይለምናል፤ ከለበሰው የሠራዊት ልብስ ሌላ የለውም። የቀድሞ ሠራዊት አባላት ማቋቋሚያ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ተቋቁሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን ወደየአገራቸው መለሰ። ያ ለኖሩት ነው። ላልተመለሱት የተከፈተ መዝገብ አላየሁም። የተሸነፈና የፈረሰ ጦር ስለነበር ስሙን ማንሳትም የሚያስፈራበት ዘመን ነበር፤ እናቶች ልጃቸው የደርግ ወታደር መሆኑን ለጎረቤት ሳይናገሩ አለቀሱ።

አሁን የምኖረው የካ አባዶ ነው። በልጅነቴ ከኮተቤ በካራ አድርገን ወደዚህ ስንወጣ እርሻ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ከብሎክ ብሎክ ተያይዟል፤ ከከተማው ከየሰፈሩ ዕጣ ደርሶት የመጣ ሰው ነው ያለበት። ማን ምን እንዳለፈ የምትተዋወቀው ቀስ እያልክ፣ በእድር፣ በለቅሶ፣ ውሃ በፈረቃው ቀን ሲመጣ ጀሪካን ተይዞ ሲወረድ ነው። በእድራችን ከምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። አንድ እሁድ ከስብሰባ በኋላ ክንዴን ያዙና «ልጄ፣ አንተ አሥመራ ነበርክ አሉኝ» አሉኝ። ከረን ነበርኩ አልኳቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው አሥመራ በመገናኛ ክፍል ነበር። የመጨረሻ ደብዳቤው የተጻፈው ሚያዝያ 1983 ነው፤ ከነፖስታው አለ። «ሙቷል ያለኝ ሰው የለም። አለም ያለኝ የለም። ሰው ሳይነግረኝ ተዝካሩን እንዴት ላውጣ? ቢመለስስ?» አሉኝ። ከ30 ዓመት በላይ በእያንዳንዱ ፋሲካ አንድ እንጀራ በስሙ ያስቀምጣሉ።

እሳቸውን ባነጋገርኩ ሳምንት ደብተር ገዛሁ። ዓምዶቹን የድሮውን መዝገብ አድርጌ አሰመርኩ፤ ከቅርብ ተጠሪው ቀጥሎ አንድ ጨመርኩ፤ «የታየበት ቦታ» የሚል። መጀመሪያ የማስታውሰውን ከራሴ ጻፍኩ። ቀጥሎ በዚያ መንገድ የመጡ ሰዎችን መፈለግ ጀመርኩ። በየካ አባዶና በአያት ብቻ ያሉት ከጠበቅኩት በላይ ሆኑ፤ አንዱ የባንክ ጥበቃ ነው፣ አንዱ ዲያቆን፣ አንዱ ጋራዥ አለው። እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ስም ይዞ ኖሯል፤ የሚነግረው ሰው አጥቶ እንጂ አልረሳም። ጋራዥ ያለው ሰው ዶንጎላስ ላይ እግሬን የያዘኝን ቁስለኛ ያውቀዋል፤ የአንድ ሻምበል ልጆች ነበሩ። ቀበሌውን እሱ ሞላልኝ።

የመርሐቤቴውን ልጅ ቤተሰብ ባለፈው ዓመት አገኘናቸው። እናቱ አርፈዋል። ሁለት ወንድሞቹ እዚህ የካ አባዶ ድረስ መጥተው ሳሎኔ ተቀመጡ። የጠየቁኝ ጥያቄ አጭር ነው። ብቻውን ነበር ወይ? አልነበረም አልኳቸው። ፊቱ ተሸፍኗል ወይ? ተሸፍኗል። ምን አለ? ስለ ጥጃዋ የተናገረውን ነገርኳቸው። ታላቅየው «ቡላ» አለ፤ የጥጃዋ ቀለም ነው፤ እሱ ወደ ጦላይ ሲሄድ የነበረች ናት። አገራቸው ተመልሰው ለቅሶ ተቀመጡ፤ ፍትሐቱም በስሙ ተደረገ። ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ።

የእድራችን እናት ልጅ ረድፍ ግን የታየበት ቦታው ባዶ ነው። ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል፤ ደረጃ መውጣት አቁመዋል። ልጁ ግንቦት 1983 አሥመራ ከተማ በመገናኛ ክፍል የነበረ፣ ቀይ፣ ረጅም፣ ግራ እጁ ላይ ከልጅነቱ የእሳት ጠባሳ ያለበት ነው። በጆሮ ማዳመጫ የኖረ ስለሆነ ሲያወራ ድምፁን ከፍ ያደርጋል ይላሉ እናቱ። ከረን ላይ፣ ባርካ ላይ፣ ሰብደራት ላይ፣ ከሰላ መጠለያ ውስጥ፣ ወይም እጅ ከሰጡት መካከል እንዲህ ያለ ልጅ ያየ ሰው ካለ የካ አባዶ ይምጣ። የእድሩን ድንኳን የሚያውቅ ማንም ሰው ቤታቸውን ያሳየዋል።